ሱባሽ ሙኮፓድያይ

ዶክተር ሱባሽ ሙኮፓድያይ (ከጃንዩዌሪ 16 ቀን 1931 እስከ ጁን 19 ቀን 1981 እ.ኤ.አ.፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጥር 8 ቀን 1923 እስከ ሰኔ 12 ቀን 1973 ዓ.ም.) ሕንዳዊ ሐኪም፣ የፊዚዮሎጂ መምህርና የሥነ ተዋልዶ ተመራማሪ ነበሩ። በእንግሊዝኛ ጽሑፎች የቤተሰብ ስማቸው ብዙ ጊዜ ሙከርጂ ተብሎ ይገኛል፤ ሁለቱም አንድ ስም ናቸው። በዚሁ ስም የሚጠራ የታወቀ የቤንጋልኛ ባለቅኔም ስላለ ሁለቱን ማምታታት አይገባም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙኮፓድያይ የሚታወቁት በ1978 በካልካታ ከተማ ከእናቷ ማህፀን ውጭ የተፀነሰች ሴት ልጅ እንድትወለድ በማድረጋቸው ነው። ይህ ዘዴ በአሁኑ ጊዜ በአጭሩ አይ.ቪ.ኤፍ. ይባላል። ልጅቱ የተወለደችው በዓለም የመጀመሪያዋ የሆነችው እንግሊዛዊቷ ሉዊዝ ብራውን በተወለደች በ70ኛው ቀን ነበር። ይሁን እንጂ የሐኪሙ ሥራ ከእንግሊዞቹ የተለየው በቀኑ ሳይሆን በመንገዱ ነው። የተፈጠረውን ጽንስ ወዲያው ወደ እናቲቱ አልመለሱትም፤ ለ53 ቀናት በበረዶ ቅዝቃዜ አቆይተው በሌላ ወር መለሱት። በሕይወት ሳሉ ያመናቸው ሰው ጥቂት ነበር።

ልደትና ትምህርት

ሱባሽ ሙኮፓድያይ የተወለዱት ሃዛሪባግ በምትባል ከተማ ነው። ከተማይቱ ያኔ በእንግሊዝ በምትገዛው ሕንድ የቢሃርና ኦሪሳ ክፍለ ሀገር ነበረች፤ ዛሬ ግን በጃርካንድ ክፍለ ሀገር ውስጥ ትገኛለች። የሕክምና ትምህርታቸውን በካልካታ ናሽናል ሜዲካል ኮሌጅ ተከታትለው በ1955 በሐኪምነት ተመረቁ። ነገር ግን ሕሙማን ከማየት ይልቅ የሰውነት አሠራር ጥናት ይስባቸው ስለነበር በ1958 ከካልካታ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ተዋልዶ ፊዚዮሎጂ የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ።

ከዚያም ወደ ስኮትላንድ ሄደው በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ፣ ጆን ሎሬን በተባሉ የሆርሞን ሊቅ ሥር ተመራመሩ። በ1967 ሁለተኛ ዶክትሬታቸውን ያገኙት ከዚያ ነው። የኤድንብራው ጥናታቸው ኤል.ኤች. የሚባለውን ሆርሞን መጠን መለካትን ይመለከታል። ኤል.ኤች. ከአንጎል ሥር ካለችው ትንሽ ዕጢ ይመነጫል፤ በወሩ አጋማሽ ላይ በድንገት ሲጨምር የበሰለው እንቁላል ከሴቷ ኦቫሪ ይወጣል። ይህን ሆርሞን መለካት የቻለ ሰው እንቁላሉ የሚወጣበትን ሰዓት ገና ሳይደርስ መገመት ይችላል ማለት ነው። የኋላ ሥራቸው ሁሉ በዚህ በጊዜ ጉዳይ ላይ መመሥረቱ ድንገተኛ አይመስልም።

ሁለት ዶክትሬት የያዘ ሰው በውጭ አገር መቅረት አያቅተውም ነበር። እሳቸው ግን ወደ ካልካታ ተመልሰው በኒል ራታን ሲርካር ሜዲካል ኮሌጅ ፊዚዮሎጂ ማስተማር ጀመሩ። ኋላም ከካልካታ በስተምዕራብ ርቆ በሚገኘው በባንኩራ ሳሚላኒ ሜዲካል ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆነው ሠርተዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ናሚታ መምህርት ነበሩ።

የዘመኑ ችግር

የሙኮፓድያይን ሥራ ለመረዳት በ1970ዎቹ የነበረውን ችግር ማወቅ ያስፈልጋል። እንቁላልን ከኦቫሪ ወደ ማህፀን የሚያደርሱት ቱቦዎች የተዘጉባት ሴት በተፈጥሮ መንገድ ማርገዝ አትችልም። እንቁላሉና የወንዱ ዘር የሚገናኙት እዚያው ቱቦ ውስጥ ነውና። መፍትሔው በቃል ሲነገር ቀላል ነው፤ እንቁላሉን ማውጣት፣ በቤተ ሙከራ ከዘሩ ጋር ማገናኘት፣ የተፈጠረውን ጽንስ ወደ ማህፀን መመለስ። ሆኖም ማህፀን በማንኛውም ቀን በሩን የሚከፍት ቤት አይደለም። ግድግዳው ጽንስ ለመቀበል የሚዘጋጀው በወር ውስጥ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ የጽንሱ ዕድሜና የግድግዳው ዝግጅት ካልተገጣጠሙ ጽንሱ ሳይጣበቅ ይጠፋል።

ሌላው እክል ቁጥር ነው። ሴት በተፈጥሮ በወር የምታወጣው አብዛኛውን ጊዜ አንድ እንቁላል ብቻ ነው። ያቺ አንዷ ካመለጠች ወይም ከዘሩ ጋር ካልተዋሃደች ወሩ ባከነ። ስለዚህ ሐኪሞች ኤች.ኤም.ጂ. የሚባል መድኃኒት በመርፌ እየሰጡ ብዙ እንቁላሎች በአንድ ጊዜ እንዲበስሉ ማድረግን ሞከሩ። መድኃኒቱ የሚዘጋጀው የወር አበባቸው ካቆመ ሴቶች ሽንት ነበር፤ በእነዚህ ሴቶች ሽንት ውስጥ ኦቫሪን የሚያነቃቁት ሆርሞኖች በብዛት ይገኛሉና። እንቁላሉ በዛ፤ ይሁንና ብዙ እንቁላል ያበሰለ ኦቫሪ ከልክ ያለፈ ሆርሞን ስለሚያመነጭ የማህፀኑ የጊዜ አቆጣጠር ይዛባል። መርፌው በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው እጁ ይነሳል ማለት ነው።

የእንግሊዞቹ መንገድ

በእንግሊዝ አገር የማህፀን ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶ፣ የካምብሪጁ ሳይንቲስት ሮበርት ኤድዋርድስና ረዳታቸው ጂን ፐርዲ ኦልድሃም በምትባል ከተማ በዚሁ ችግር ላይ ለዓመታት ደክመዋል። መጀመሪያ የጀመሩት በመርፌው ነበር። ጽንሶችን ማግኘት ቢችሉም እርግዝና እምቢ አላቸው። በ1976 ይፋ ያደረጉት አንድ እርግዝናም ጽንሱ በማህፀን ሳይሆን በቱቦ ውስጥ በመቀመጡ መቋረጥ ነበረበት።

በመጨረሻ መርፌውን ትተው ወደ ተፈጥሮ ዑደት ተመለሱ። በየጥቂት ሰዓቱ የሴቲቱን ሽንት እየመረመሩ ኤል.ኤች. የሚጨምርበትን ጊዜ ይጠባበቁና፣ ሌሊትም ይሁን ቀን፣ በሆድ በኩል በሚገባ ላፓሮስኮፕ የተባለ ቀጭን መሣሪያ አንዷን እንቁላል ያወጧት ነበር። ጽንሱ ስምንት ሕዋስ ያህል ሲሆን፣ ሁለት ቀን ተኩል ገደማ ቆይቶ፣ እዚያው ወር ወደ ማህፀን ይመለሳል። ሉዊዝ ብራውን የተወለደችው በዚህ መንገድ ነው፤ ቀኑም ጁላይ 25 ቀን 1978 ነበር፤ ሐምሌ 18 ቀን 1970 ዓ.ም. ማለት ነው። የድካሙን መጠን ለማወቅ ይህን ማየት ይበቃል። እስከዚያ ዓመት አጋማሽ ድረስ በኦልድሃም ጽንስ የተመለሰላቸው ሴቶች 112 ሲሆኑ፣ ያረገዙት 5፣ በሕይወት የተወለዱት ሕፃናት ደግሞ 2 ብቻ ነበሩ።

የካልካታው መንገድ

ሙኮፓድያይ ይህንኑ ችግር የፈቱት በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ብቻቸውን አልነበሩም። አብረዋቸው የሠሩት በቅዝቃዜ ሳይንስ የሠለጠኑት ሱኒት ሙከርጂ እና የማህፀን ሐኪሙ ሳሮጅ ካንቲ ባታቻርያ ናቸው። ከካልካታ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ፤ የሚስትየዋ ቱቦዎች ተዘግተዋል።

ሙኮፓድያይ መርፌውን አልተዉም። ኤች.ኤም.ጂ. ሰጥተው ኦቫሪዋ በርከት ያሉ እንቁላሎች እንዲያበስል አደረጉ። እንቁላሎቹንም በሆድ በኩል በላፓሮስኮፕ አላወጡም፤ በብልት በኩል፣ ከማህፀን በር በስተጀርባ ትንሽ በመክፈት ወደ ኦቫሪ ደረሱ። ከዘሩ ጋር ከተዋሃዱ በኋላ የተገኙትን ጽንሶች ለእናቲቱ አልሰጡም። መርፌው ያዛባው ማህፀን በዚያ ወር ጽንስ ይቀበላል ብለው አላመኑምና። ዲ.ኤም.ኤስ.ኦ. የሚባል ፈሳሽ ጨምረው አቀዘቀዟቸው፤ 53 ቀናትም አቆዩአቸው። ሴቲቱ መርፌ ባልተወጋችበት በሌላ ወር፣ ማህፀኗ በራሱ የተፈጥሮ ሥርዓት በተዘጋጀበት ጊዜ፣ ጽንሱን አቅልጠው አስገቡላት።

ስለ ዲ.ኤም.ኤስ.ኦ. ጥቂት መናገር ያሻል። ሕዋስ ውስጡ አብዛኛው ውኃ ነው። ውኃ ሲረጋ ስለታማ የበረዶ ቅንጣት ይሠራል፣ ቅንጣቱም ሕዋሱን ይቀዳድደዋል። ዲ.ኤም.ኤስ.ኦ. ወደ ሕዋሱ ገብቶ የውኃውን ቦታ በከፊል ይይዝና በረዶው እንዳይበዛ ያደርጋል። በ1972 ዊቲንግሃም፣ ሌይቦና ማዙር የተባሉ ተመራማሪዎች በዚህ ፈሳሽ የአይጥ ጽንስ ከዜሮ በታች እስከ 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ቀስ በቀስ አቀዝቅዘው ከቀለጠ በኋላ ሕያው አይጦች እንዲወለዱ አድርገው ነበር። በዓመቱ ደግሞ በእንግሊዝ አገር ከቀዘቀዘ ጽንስ ጥጃ ተወለደ። ስለዚህ የካልካታው ቡድን ሐሳብ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። በእንስሳ የተረጋገጠውን ወደ ሰው ማምጣት ነበር፤ ይህን ግን በዚያን ጊዜ ሌላ ማንም አድርጎት አልታወቀም።

በአንድ ሥራ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተገናኝተዋል ማለት ነው፤ እንቁላል ለማብዛት መርፌ መስጠት፣ እንቁላልን በብልት በኩል ማውጣት፣ እንዲሁም የእንቁላሉን ወርና የማህፀኑን ወር መለያየት። ከሦስቱ ሦስተኛው የሳቸው ትልቁ ሐሳብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዱርጋ መወለድ

ሕፃኗ ኦክቶበር 3 ቀን 1978፣ በእኛ መስከረም 23 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ በካልካታ ተወለደች። ጊዜው በቤንጋል ከበዓላት ሁሉ የሚበልጠው የዱርጋ ፑጃ ሰሞን ስለነበር ዱርጋ ተባለች። ዜናው በጋዜጦችና በቴሌቪዥን ተሰማ። ቤተሰቡ ግን ማንነቱ እንዲታወቅ አልፈለገም። በዘመኑ መካንነት እንደ ነውር ይታይ ነበር፤ በብልቃጥ የተፀነሰች ልጅ ማሳደግ ደግሞ ከጎረቤት ምን ዓይነት ወሬ እንደሚያመጣ መገመት አያዳግትም። ሐኪሙም የወላጆቹን ፈቃድ ጠበቁ። ይህ መልካም ሥነ ምግባር በሳይንሱ በኩል ዋጋ አስከፈላቸው፤ ለጠያቂ ሁሉ ልጅቱን አውጥቶ ማሳየት አይችሉም ነበርና።

በጽሑፍ ያሳተሙትም ጥቂት ነው። ቡድኑ በ1978 በሕንድ የቅዝቃዜ ሳይንስ መጽሔት ላይ አጭር ዘገባ አወጣ፤ ለክፍለ ሀገሩ የጤና አገልግሎት ዳይሬክተርም ሪፖርት አቀረበ። መጽሔቱን ከአገር ውጭ የሚያነብ ሰው እምብዛም አልነበረም። በኦልድሃም የተሠራው ግን ዓለም በሚያነበው በላንሴት መጽሔት ነበር የወጣው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

የምርመራው ኮሚቴ

የምዕራብ ቤንጋል ክፍለ ሀገር መንግሥት በኖቬምበር 18 ቀን 1978 ጉዳዩን የሚያጣራ የባለሙያዎች ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢው የሬዲዮ ፊዚክስ ምሁር ነበሩ። ከአባላቱ መካከል በሰው ጽንስ ላይ በቤተ ሙከራ የሠራ ሰው አልነበረም፤ በአገሩም እንዲህ ያለ ባለሙያ ማግኘት በዚያን ጊዜ ከባድ ነበር። ኮሚቴው ሙኮፓድያይን ጠርቶ ከጠየቀ በኋላ የተባለው ሁሉ የሚታመን አይደለም ሲል ደመደመ።

ለኮሚቴው ፍርደኛ መሆን ባይገባም አንድ ነገር ግልጽ ነው። ታላላቅ የአውሮፓ ሆስፒታሎች ያልደረሱበትን፣ ጽንስን አቀዝቅዞ ሕፃን ማስወለድን፣ በአነስተኛ መሣሪያ የሚሠራ የካልካታ የፊዚዮሎጂ መምህር ሠራሁ ሲል ለሰሚው ግራ ነበር። ጥርጣሬ የሳይንስ ወግ ነው። ነገር ግን ጥርጣሬ ማስረጃ እንዲፈለግ ሲያደርግ አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ማስረጃውን የሚያቀርብበትን በር ሲዘጋበት ሌላ ነው። በሙኮፓድያይ ላይ የደረሰው ሁለተኛው ይመስላል። በ1979 በጃፓን የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሥራቸውን እንዲያስረዱ ጋበዛቸው። የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበሩ ፈቃድ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ፈቃዱ ተከለከሉ። ሥራውን ሊመዝኑ የሚችሉ ባለሙያዎች በነበሩበት መድረክ ላይ ሳይቀርቡ ቀሩ።

የመጨረሻ ዓመታት

ከዚያ በኋላ ጤናቸው ታወከ። የልብ ሕመም ያዛቸው። በጁን 1981 መንግሥት ወደ ካልካታ የዓይን ሕክምና ተቋም አዛውሮ የኤሌክትሮፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር አደረጋቸው። ዕድሜውን ሙሉ ሆርሞንና ጽንስ ያጠና ሰው የዓይን ክፍል ውስጥ ተቀመጠ ማለት ነው። ምርምራቸውን የሚቀጥሉበት መንገድ በዚሁ ተዘጋ።

ዝውውሩ ከተሰጠ ብዙም ሳይቆይ፣ ጁን 19 ቀን 1981፣ ሱባሽ ሙኮፓድያይ በካልካታ መኖሪያ ቤታቸው የገዛ ሕይወታቸውን አጠፉ። የ50 ዓመት ሰው ነበሩ። ዱርጋ ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም።

በሌሎች አገሮች የሆነው

ሙኮፓድያይ በሞቱባቸው ዓመታት ዓለም ሳያውቅ ወደ ሳቸው መንገድ እየመጣ ነበር። በአውስትራሊያ ሜልቦርን ያሉ ሐኪሞች እንቁላል በሚያበዛ መድኃኒት መሥራት ጀመሩ። በአሜሪካ ኖርፎክ በተባለ ከተማ ደግሞ ሃዋርድና ጆርጂያና ጆንስ የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች በኤች.ኤም.ጂ. ተጠቅመው በዲሴምበር 1981 የአገሪቱ የመጀመሪያ የአይ.ቪ.ኤፍ. ልጅ እንድትወለድ አደረጉ። የተፈጥሮው ዑደት፣ በዓለም የመጀመሪያዋን ልጅ ያስገኘው ቢሆንም፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተተወ ማለት ይቻላል፤ በአንድ እንቁላል ላይ ተስፋ መጣል አድካሚ ነውና።

እንቁላል ሲበዛ የሚተርፍ ጽንስ መጣ፤ የሚተርፍ ጽንስ ሲመጣ ማቀዝቀዝ ግድ ሆነ። በ1983 በሜልቦርን አለን ትራውንሰንና ሊንዳ ሞር በዲ.ኤም.ኤስ.ኦ. ከቀዘቀዘ ስምንት ሕዋስ ካለው ጽንስ እርግዝና ማግኘታቸውን አሳወቁ፤ እርግዝናው ግን እስከ መጨረሻው አልደረሰም። በማርች 1984 እዚያው ሜልቦርን ዞዪ ሌይላንድ ተወለደች። እንቁላልን በብልት በኩል ማውጣትም በአልትራሳውንድ እየተመሩ በመርፌ መሳብ በተቻለ ጊዜ፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ ላፓሮስኮፕን ተክቶ የተለመደ ሥራ ሆነ። የዛሬው አሠራር ከሙኮፓድያይ ቀዶ ሕክምና ይለያል፤ የሚሄድበት አቅጣጫ ግን ያው ነው።

የሕንድን ታሪክ በተመለከተ፣ በኦገስት 6 ቀን 1986 በቦምቤይ አንዲት ልጅ በአይ.ቪ.ኤፍ. ተወለደች። ሥራውን የመሩት ሐኪሟ ኢንዲራ ሂንዱጃና ሳይንቲስቱ ቲ. ሲ. አናንድ ኩማር ነበሩ። ሕንድም ይህችን ልጅ የመጀመሪያዋ አድርጋ መዘገበች። ዱርጋ የስምንት ዓመት ልጅ ልትሆን ሁለት ወር ቀርቷት ነበር።

ማስታወሻዎቹ ሲነበቡ

ታሪኩን የገለበጡት ያው አናንድ ኩማር መሆናቸው ያስደንቃል። በ1997 ለጉባኤ ወደ ካልካታ ሲሄዱ የሙኮፓድያይ የእጅ ጽሑፎችና ማስታወሻዎች ተሰጧቸው። አንብበው ከሱኒት ሙከርጂ ጋርና ከልጅቱ ወላጆች ጋር ተነጋገሩ። ከዚያም በዚያው ዓመት ከረንት ሳይንስ በሚባለው የሕንድ መጽሔት ላይ ጽሑፍ አውጥተው፣ የሕንድ የመጀመሪያ የአይ.ቪ.ኤፍ. ልጅ ፈጣሪ ተብለው መጠራት የሚገባቸው ሙኮፓድያይ እንጂ እሳቸው አለመሆናቸውን አስታወቁ። የራሱን የመጀመሪያነት ክብር በፈቃዱ ለሟች አሳልፎ የሚሰጥ ሳይንቲስት በየቀኑ አይገኝም። አናንድ ኩማር ይህን ባያደርጉ ኖሮ የካልካታው ሥራ ምናልባት በአንድ ያልተነበበ መጽሔት ገጽ ላይ ብቻ ይቀር ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሕንድ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ለሙኮፓድያይ ሥራ እውቅና ሰጠ። ዱርጋ የተባለችው ልጅም 25 ዓመት በሞላት ዕለት፣ በኦክቶበር 2003፣ እውነተኛ ስሟን ካኑፕሪያ አጋርዋልን ይዛ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ቆመችና ስለ ሐኪሙ ተናገረች። ኮሚቴው በ1978 ያላገኘው ማስረጃ በእግሯ ቆማ መጣች።

ዘዴያቸው በዛሬው ሕክምና

በአሁኑ ጊዜ በአይ.ቪ.ኤፍ. ክሊኒኮች ዘንድ ከሚነሡት ጥያቄዎች ዋነኛው ሙኮፓድያይ የመለሱት ጥያቄ ነው፤ ጽንሱ በዚያው ወር ይመለስ ወይስ ቀዝቅዞ ይቆይ?

ሁሉንም ጽንስ አቀዝቅዞ ማቆየት የሚደገፍበት ዋና ምክንያት የእናቲቱ ደኅንነት ነው። በመርፌ ከመጠን በላይ የተነቃቃ ኦቫሪ ፈሳሽ ወደ ሆድ እንዲፈስ፣ ደምም እንዲወፍር ሊያደርግ ይችላል፤ አንዳንዴ ለሕይወት ያሰጋል። በዚያው ወር እርግዝና ሲጨመርበት የእርግዝናው ሆርሞን ሕመሙን ያባብሰዋል። በ2016 በቻይና በፒ.ሲ.ኦ.ኤስ. ማለትም ኦቫሪያቸው ብዙ ያልበሰሉ እንቁላሎችን በሚይዝበት የሆርሞን መዛባት በተያዙ 1,508 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ይህን በግልጽ አሳየ። ጽንሱ ቀዝቅዞ ከቆየላቸው መካከል 49.3 ከመቶው ሕያው ልጅ ሲወልዱ፣ በዚያው ወር ከተመለሰላቸው የወለዱት 42 ከመቶ ነበሩ። የኦቫሪ ከመጠን በላይ መነቃቃትም ከ7.1 ወደ 1.3 ከመቶ ወረደ።

ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። በዚያው ጥናት ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው አደገኛ የእርግዝና ደም ግፊት ጽንሳቸው በቀዘቀዘላቸው ሴቶች ላይ በዝቶ ታየ፤ 4.4 ከመቶ ሲሆን በሌሎቹ 1.4 ከመቶ ነበር። በ2018 በቻይናና በቬትናም የወጡ ሁለት ጥናቶች ደግሞ የወር ዑደታቸው ጤናማ ለሆነ ሴቶች ማቀዝቀዙ የመውለድ ዕድልን እንደማይጨምር አመለከቱ። እንግዲህ ለሁሉም የሚሆን አንድ መንገድ የለም። ብዙ እንቁላል ለምታወጣና ኦቫሪዋ ለሚያሰጋ ሴት መቆየቱ ይሻላል፤ ጥቂት እንቁላል ላላትና ሆርሞኗ ላልተዛባ ሴት ግን ማዘግየቱ ብቻውን ጥቅም የለውም።

የማቀዝቀዙ ጥበብም ተለውጧል። ሙኮፓድያይ በሠሩበት ዘመን ብዙ ጽንስ ሲቀልጥ ይሞት ነበር። ከ2000 ወዲህ የተስፋፋው ዘዴ ጽንሱን በቅጽበት ወደ ፈሳሽ ናይትሮጅን በማስገባት ውኃው በረዶ ሳይሠራ እንደ መስታወት እንዲጠጥር ያደርገዋል። በዚህ ዘዴ ከሚቀልጡት ጽንሶች ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት በሕይወት ይገኛሉ።

የቀዘቀዘ ጽንስ የሚመለስበት ወር ደግሞ በሁለት መንገድ ይዘጋጃል። አንደኛው ሴቲቱ በራሷ እንቁላል በምታወጣበት በተፈጥሮ ዑደት መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉትን ሆርሞኖች ከውጭ በመስጠት የማህፀኑን ግድግዳ ማዘጋጀት ነው። በሁለቱም ቀኑ ከጽንሱ ዕድሜ ጋር መግጠም አለበት፤ አምስት ቀን የሞላው ጽንስ ፕሮጄስትሮን ከተጀመረ ከአምስት ቀን ገደማ በኋላ ይገባል፣ የሦስት ቀኑ ቀደም ይላል። የሆርሞኑ መንገድ ቀጠሮ ለመያዝ ስለሚመች ክሊኒኮች ይወዱታል። ይሁን እንጂ በተፈጥሮ ዑደት እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ኦቫሪ ላይ የምትቀር ኮርፐስ ሉቲየም የምትባል ትንሽ ዕጢ አለች፤ የሆርሞኑ መንገድ ይህችን ዕጢ ያስቀራል። የዕጢዋ አለመኖር ከፕሪኤክላምፕሲያ መብዛት ጋር እንደሚያያዝ የሚያመለክቱ ጥናቶች በመውጣታቸው ብዙ ሐኪሞች ዑደቷ ለተስተካከለ ሴት ወደ ተፈጥሮው ዑደት እየተመለሱ ነው። ሙኮፓድያይ ለዱርጋ እናት የመረጡትም ይህንኑ ነበር፤ ስለ ደም ግፊቱ የታወቀ ነገር ግን በዚያን ጊዜ አልነበረም።

መታሰቢያ

የቤንጋሉ የፊልም አዘጋጅ ታፓን ሲንሃ በ1990 የሙኮፓድያይን ሕይወት መነሻ አድርጎ ኤክ ዶክተር ኪ ማውት የተባለ የሂንዲ ፊልም ሠራ፤ ትርጉሙ የአንድ ሐኪም ሞት ማለት ነው። በፊልሙ ሐኪሙ የሚመራመረው በአይ.ቪ.ኤፍ. ሳይሆን በሥጋ ደዌ ክትባት ነው፤ የቢሮው ውጣ ውረድ ግን ከካልካታው ታሪክ ጋር ይመሳሰላል። ፊልሙ የወጣው አናንድ ኩማር ማስታወሻዎቹን ከማንበባቸው 7 ዓመት ቀድሞ ነው።

የ2010 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለሮበርት ኤድዋርድስ ብቻ ተሰጠ፤ ስቴፕቶና ፐርዲ ቀድመው ሞተው ነበር፣ ሽልማቱም ለሟች አይሰጥም። ሙኮፓድያይን በተመለከተ፣ በሕንድ የመጀመሪያነታቸው ዛሬ አያከራክርም። በዓለም አቀፍ የመማሪያ መጻሕፍት ግን ከቀዘቀዘ ጽንስ የተወለደች የመጀመሪያ ልጅ ተብላ በብዛት የምትጠቀሰው አሁንም የ1984ቷ ዞዪ ሌይላንድ ናት። የካልካታው ሥራ በጊዜው በዝርዝር አልታተመም፣ በሌላ ቤተ ሙከራም ተደግሞ አልታየም፤ ጥቂት ገጽ ዘገባ፣ የእጅ ማስታወሻዎችና ካኑፕሪያ አጋርዋል ናቸው የቀሩት።